ኢንሹራንስ ስትመርጡ ኤች ኤስ ኤንም ጠይቁ

አሜሪካ ሥራ ስትጀምሩ ኤች አር (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉ) የኢንሹራንስ ምርጫ ይሰጣችኋል። ብዙ ሰው ከደሞዙ ትንሽ የሚቆርጠውን ፕላን አይቶ ይፈርማል። ከመፈረማችሁ በፊት ፕላኑ ኤች ኤስ ኤ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ።

ኤች ኤስ ኤ (HSA) ለሕክምና የምታጠራቅሙበት፣ በስማችሁ የሚከፈት ሂሳብ ነው። ሥራ ብትቀይሩም ገንዘቡ የእናንተው ነው። ዓመቱ ሲያልቅም አይቃጠልም።

ጥቅሙ ወደዚህ ሂሳብ የሚገባው ገንዘብ ታክስ ስለማይከፈልበት ነው፤ በቁጥር እንየው። የፌዴራል ታክስ እርከናችሁ 12 በመቶ ነው እንበል። በዓመት 2,000 ዶላር ከደሞዛችሁ ወደ ኤች ኤስ ኤ ቢገባ 240 ዶላር የገቢ ታክስ ይቀርላችኋል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶም ስለማይቆረጥበት ሌላ 153 ዶላር ይተርፋል። በድምሩ 393 ዶላር። ከባንክ ራሳችሁ ካስገባችሁት ግን 153ቱን አታገኙም። ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል ይቆረጥ። የ2026 ጣሪያ ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ነው፤ አሠሪው የሚጨምረውም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ውስጥ የስቴት ታክሱ አይቀርም።

ገንዘብ ማስገባት የሚችለው ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ራሳችሁ የምትከፍሉት) ከፍ ያለ፣ ለኤች ኤስ ኤ የሚሆን ፕላን ያለው ሰው ነው። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ላይ ያለ አይችልም። ኡበር ለምትነዱና ለራሳችሁ ለምትሠሩ ከ2026 ጀምሮ ጥሩ ዜና አለ፦ ከኦባማኬር ገበያ የሚገዛ ብሮንዝ የሚባለው የፕላን ደረጃ ለኤች ኤስ ኤ ብቁ ሆኗል።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ኖሮባችሁ በየጊዜው ሐኪም የምታዩ ከሆነ፣ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ለታክሱ ብቻ ብላችሁ አትግቡበት። ዲዳክቲብሉ እስኪሞላ አብዛኛው ከኪሳችሁ ነው የሚወጣው። ገና ቤት ኪራይ ለሚያስጨንቀው ሰው ይህ ከባድ ነው።

አንድ ነገር አደራ። እናታችሁ አገር ቤት ሲታመሙ በዚህ ገንዘብ ማሳከም ትፈልጉ ይሆናል። አይሆንም። ገንዘቡ ለእናንተ፣ ለባል ወይም ለሚስት፣ እንዲሁም በታክስ ሕጉ ጥገኛ ለሚባሉ ሰዎች ነው። ጥገኛ ለመባል ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል። ለማይፈቀድ ነገር ካወጣችሁት፣ 65 ዓመት እስኪሞላችሁ ድረስ ታክሱ ከ20 በመቶ ቅጣት ጋር ይመጣል። ራሳችሁ ለእረፍት ሄዳችሁ አዲስ አበባ ጥርስ ብታስነቅሉ ግን ይቆጠራል፤ ደረሰኙን አትጣሉ።

ታክስ ስታሠሩ ደብሊው ቱ (W-2፣ አሠሪው የሚሰጣችሁ የዓመት ደሞዝ ወረቀት) ላይ ሳጥን 12ን እዩ። ደብሊው (W) የሚል ፊደል ያለበት ቁጥር በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል ወደ ኤች ኤስ ኤ የገባው ገንዘብ ነው። የኤች ኤስ ኤ የታክስ ቅጽ የሆነው ፎርም 8889 መሞላት አለበት፤ ታክስ ሠሪው ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት።