ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቆላው ውሃ መዝናኛ፦ የቤተሰብ ሻንጣ አዘገጃጀት

ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ልጆች ይዘን ወደ ቢሾፍቱ የውሃ መዝናኛ ወይም ወደ ሶደሬ ስንነሳ፣ የፈጣን መንገዱ መግቢያ ደጃችን ላይ ስለሆነ ጉዞው ቀላል ይመስለንና ዕቃችንን ጎረቤት ቤት እንደሚሄድ ሰው እናሰናዳለን። ነገር ግን መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ሶደሬ ከዚያም ዝቅ ይላል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚጨምር፣ ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ቤተሰብ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፍለጋ ይንከራተታል። ስለዚህ ሻንጣውን ሲያዘጋጁ የሰዉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የቀኑን ሰዓት ያስቡ፤ ቀድሞ የሚፈለገው ዕቃ ከሁሉ በላይ ይቀመጥ።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስህተት ነው። አምና በሚያዝያ አንድ ካርቶን ውሃ ገዝቼ ከሻንጣዎቹ ሁሉ ሥር ጫንኩት። መኪናው ከመዋኛው ራቅ ብሎ ስለቆመ፣ «ቆይ አመጣለሁ» ስንባባል ልጆቹ እስከ 8 ሰዓት አንድ ጉንጭ ውሃ ሳይቀምሱ ዋሉ። ማታ ቤት እንደገባን ትንሿ ልጄ ራሷን አመማት፣ አስመለሳት፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚጫወት ልጅ ላቡ ስለማይታይ እኛም እሱም መጠማቱን እንረሳለን። ከዚያ ወዲህ በዋዜማው ሁለት ሦስት ሃይላንድ በግማሽ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ በአግድም አስተኛለሁ፤ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ስሞላቸው በረዶው እስከ ቀትር ይቆያል። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት የራሱን ጠርሙስ ይስጡ፤ የማን ምን ያህል እንደተጠጣ በዓይን ይታያል። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ገዝቶ መያዝም ብልህነት ነው፤ አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም የፈረንጅ ዕቃ ነው የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ የተሻለ ራሱን ቢከላከልም ይቃጠላል፤ በእኛ ከፍታ ጨረሩ ብርቱ ነው፣ ውሃው ደግሞ የተወሰነውን መልሶ ወደ ፊት ያንጸባርቀዋል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ይምረጡ፤ ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ ያህል አስቀድመው ይቀቡ፣ ከዚያም በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይድገሙ። ጆሮ፣ አንገትና የእግር ጀርባ በብዛት ይረሳሉ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከክሬም ይልቅ ጥላና ስስ ልብስ ይሻለዋል። በቤተሰቡ ውስጥ አልቢኒዝም (የቆዳ ቀለም እጥረት) ያለበት ልጅ ካለ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከጥላ እንዳይወጣ ያድርጉ፤ ይህ የማይታለፍ ነገር ነው።

ለመዋኛ የጥጥ ቲሸርት አይያዙ። የረጠበ ጥጥ ይከብዳል፣ ጨረሩንም ከደረቁ ይልቅ ያሳልፋል፤ ናይለን የሆነ የዋና ልብስ፣ ቢቻል እጅጌ ያለው፣ ይመረጣል። የብረት ዚፕና ቁልፍ ያለው ቁምጣ መንሸራተቻውን ስለሚፍቅ ብዙ ቦታ አይፈቀድም። ተራ ዳይፐር ውሃ ውስጥ ያብጣል፤ ለሕፃን የዋና ዳይፐር ይፈልጉ። ነጠላ ጫማም አይርሱ፤ በቀትር የሲሚንቶው ወለል እንደ ምጣድ ስለሚግል ልጆች በእግር ጣታቸው እየዘለሉ ያለቅሳሉ።

እናትዎን ወይም አማትዎን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ታጣፊ ወንበርና ሰፊ ጃንጥላ ለእሳቸው ይመድቡ። በየጊዜው የሚወስዱት መድኃኒት ካለ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይቅር፤ በተለይ ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል።

ምግብን በተመለከተ አስቀድመው ደውለው ከውጭ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ። ከተፈቀደ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝና ብርቱካን ሙቀት ይችላሉ፤ ለጾመኛውም ይሆናሉ። ወጥ ግን ይቅር፤ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

የመመለሻው ቦርሳ ለብቻው ይሁን። በውስጡ ለእያንዳንዱ ሰው ደረቅ የውስጥ ልብስ፣ እጅጌው ረጅም ሹራብ፣ ካልሲና ጋቢ ይግባ፤ አመሻሽ ላይ ቱሉ ዲምቱ ስትደርሱ ነፋሱ እርጥብ ፀጉር ያለውን ልጅ አይምርም። ቢሾፍቱም ሆነ ሶደሬ ከ2,000 ሜትር በታች በመሆናቸው ወባ ሊኖር ስለሚችል፣ እስከ ምሽት ከቆያችሁ ረጅሙን ልብስ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያው ያልብሷቸው። ለእርጥቡ ልብስ እኔ የምጠቀመው ክዳን ያለው ባዶ የቀለም ባልዲ ነው፤ ውሃ አያንጠባጥብም፣ ቤት ሲደርሱም ሳሙና ጨምሮ እዚያው መዘፍዘፍ ይቻላል።