ስልኩ ይሠራል፣ ሞደሙ ግን «ዳያል ቶን የለም» ይላል

ዊንዶውስ 98 የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ውስጡ 56ኬ ሞደም (በስልክ መስመር ደውሎ ኢንተርኔት የሚያገናኝ መሣሪያ) አለ። ቤት ሲሰካ ያለችግር ይደውላል፣ ቢሮ ሲመጣ ግን «ስህተት 680» ብሎ ይቆማል፤ ዳያል ቶን፣ ማለትም ስልክ ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ፣ የለም ማለቱ ነው። እዚያው ሶኬት ላይ ተራ ስልክ ስሰካ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ገመዱን መጠርጠር ተውኩ።

ልዩነቱ የቢሮው መስመር በፒኤቢኤክስ (የቢሮውን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር በሚያገናኝ ማዞሪያ) በኩል ማለፉ ነው። የፒኤቢኤክስ ድምፅ ከውጭው መስመር ድምፅ ሊለይ ይችላል፤ ለሰው ጆሮ ምንም አይደለም፣ ሞደም ግን የለመደውን ካልሰማ ንቅንቅ አይልም።

ከኮንትሮል ፓነል ሞደምስ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮኔክሽን ገባሁና «ዌይት ፎር ዳያል ቶን» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አነሳሁ። ይህ ለሞደሙ ኤክስ3 የሚባለውን ትእዛዝ ከመስጠት ጋር አንድ ነው፦ ሳትጠብቅ ደውል።

ይሄ ብቻውን አልበቃም፤ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 ይጫናል። ዳያሊንግ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ለውጭ መስመር በሚለው ቦታ 9 እና ኮማ ጻፍኩ። ኮማዋን እንዳትንቋት! አብዛኛውን ጊዜ 2 ሰከንድ ታስቆመዋለች፤ ያለእሷ መስመሩ ሳይከፈት ቁጥሩ ይለቀቅና የፊተኞቹ አሃዞች ይበላሉ። ፒኤቢኤክሱ ቀርፋፋ ከሆነ ሁለት ኮማ አድርጉ።

ደግሞም በዳያል አፕ ግንኙነቱ ላይ «ዩዝ ኤሪያ ኮድ ኤንድ ዳያሊንግ ፕሮፐርቲስ» ምልክት ከሌለበት 9ኟ ጭራሽ አትደወልም። ኮምፒውተሩ ቤትም የሚሄድ ከሆነ 9 የሌለበት ሌላ ሎኬሽን (የመደወያ ቦታ ቅንብር) መፍጠርና ከቤት ከመደወል በፊት እሱን መምረጥ ነው።