ከጉዳት በኋላ ራስን መግዛት፦ ከየት ይጀመራል?

ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። እድሩ ወንበርና ድስት ያመጣል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዘመድ ከክፍለ ሀገር ይመጣል። ሐዘንተኛው መቼ መብላት፣ መቼ ጋደም ማለት እንዳለበት ሌሎች ያስቡለታል። ሠልስት አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ግን ቀኑ በድንገት ባዶ ይሆናል።

በፍቺ ለተጎዳ፣ ከሥራ ለተሰናበተ፣ ወይም መጠጥ ለመተው ለሚታገል ሰው ደግሞ ድንኳኑ ከነጭራሹ አይተከልም። መሥሪያ ቤት ያሉት "አይዞህ፣ ያልፋል" ይሉታል። ጓደኛ ድራፍት ይጋብዘዋል። በቃ።

ራስን መግዛት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን ግን ነገሩን የተማርነው በቁጣና በኩርኩም ስለሆነ፣ ስንጎዳ ራሳችን ላይ መጮህ እንጀምራለን። "ከሰኞ ጀምሮ ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ጂም እገባለሁ፣ ስኳር አቆማለሁ፣ ቲክቶክ አጠፋለሁ።" ማክሰኞ ማታ ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ትርፉ ጸጸት ነው። እኔ የምለው በጣም ያነሰ ነገር ነው። ሌሎች ሊያቆሙላችሁ ያልቻሉትን የቀን ሥርዓት፣ በትንሹ፣ ለራሳችሁ አቁሙ። አካሄዱ ይኸውላችሁ።

1. መጀመሪያ የሐኪሙን ድርሻ ለሐኪም ስጡ

ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካሉ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሕክምና ይፈልጋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ነግሮ አብሮ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከተማችን አዲስ አበባ ውስጥ አለ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። "አማኑኤል ግባ" ማለት በሰፈራችን ስድብ መሆኑ ያናድደኛል። ይህች ቀልድ ስንቱን ሰው ከሆስፒታሉ በር እንደመለሰች ማን ይቆጥራል?

ጸበሉም ሆነ ዱዓው ከሐኪም ጋር አይጣላም። መድኃኒቱን አቋርጡ የሚላችሁን ግን አትስሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ሌሊት ወስኖ መጠጥ ቢያቆም አደጋ አለው። መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ እንደ ሚጥል በሽታ የሚጥል መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለው መጠጥ የሚቆመው በሐኪም ክትትል ነው፤ "ወንድ ነኝ፣ ዛሬ ቆምኩ" እዚህ ላይ አይሠራም።

2. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

አንድ። ሦስት አይደለም። የቱን እንደምትመርጡ ካልታወቃችሁ የእግር መንገድን ወይም የመኝታ ሰዓትን ምረጡ፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም፣ ሌላውን ሁሉ ደግሞ ያቀላሉ።

3. ውሳኔውን ከሰዓቱ በፊት ጨርሱት

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ክትፎ ቤት በር ቆሞ "ልግባ ወይስ ልለፍ?" ብሎ አይሟገትም። ጉዳዩ ያለቀው ገና ሳይነጋ ነው። በረመዳን ለሱሁር የሚነሳ ሰውም አልጋ ውስጥ ሆኖ ድምፅ አይሰጥበትም። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን እየሠራን ያደግን ሰዎች "እኔ ዲሲፕሊን የለኝም" ስንል ይገርመኛል። አለን። የጎደለን ለራሳችን ጉዳይ ቀንና ሰዓት መቁረጥ ነው።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ ለዓመታት ሲያጠና ቆይቷል። "የበለጠ እንቀሳቀሳለሁ" ከሚል ሰው ይልቅ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ የወሰነው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ዕቅዳችሁን በዚህ መልክ ወረቀት ላይ ጻፉት። "ከሥራ ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ ታክሲ አልይዝም፤ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ እሄዳለሁ።" መንገዱ ቀስ ተብሎ ቢኬድ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። የእግረኛው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ከሰፋ ወዲህ ደግሞ ከሰው ጋር ሳይጋፉ መራመድ ተችሏል።

ሰው መሃል መሆን የምትፈልጉ፣ ማውራት ግን የማትችሉ ከሆነ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ውጡ። ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠው ሕዝብ ማንነታችሁን አይጠይቅም፣ ለምን ዓይናችሁ እንዳበጠ አይጠይቅም። የግድ መሮጥ የለባችሁም። አንድ ረድፍ ላይ ወዲያና ወዲህ መሄድም ይቻላል።

4. የክፉ ቀን መጠን ይኑራችሁ

አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው ለደህና ቀን ብቻ ስለሚዘጋጅ ነው። የተጎዳ ሰው ደግሞ ክፉ ቀኑ ይበዛል። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አላቆመም፣ መብራት ጠፍቷል፣ የታክሲ ሰልፉ ጫፉ አይታይም፤ በዚያ ላይ የቀድሞ ባለቤታችሁ ደውሏል። በዚህ ቀን ምን ታደርጋላችሁ?

መልሱን አሁኑኑ ጻፉት። የደህናው ቀን መጠን 20 ደቂቃ ከሆነ፣ የክፉው ቀን መጠን ጫማ አድርጎ እስከ ሱቅ ደርሶ መመለስ ይሁን። የደህናው ቀን አንድ ገጽ መጻፍ ከሆነ የክፉው ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር። "ይህማ ቀልድ ነው" ትሉ ይሆናል። ይሁን። ለራሳችሁ የገባችሁትን ቃል በክፉ ቀንም ጠበቃችሁት፤ ጉዳት ደግሞ አስቀድሞ የሚሰርቀው በራስ ቃል ላይ ያለንን እምነት ነው።

5. ከፈተናው ራቁ፣ አትታገሉት

ሁልጊዜ የምትወርዱበት ፌርማታ ከድራፍት ቤቱ ፊት ለፊት ከሆነ "ወራጅ አለ!" የምትሉበትን ቦታ ቀይሩ። አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ጀግንነት አይጠይቅም። ሌሊት የቀድሞ ፍቅረኛችሁን ቴሌግራም የምትከፍቱ ከሆነ ስልኩ ሳሎን ይደር። "ማንቂያዬ ስልኬ ነው" የሚለው ሰበብ በርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይፈታል።

እንቅልፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይንጠለጠላልና። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ ክረምት ከበጋ፣ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። አንድ የመነሻ ሰዓት መርጠን ዓመቱን ሙሉ መያዝ እንችላለን። ተነስታችሁ ወዲያው ወደ ደጅ ወይም ወደ በረንዳ ውጡ። የጠዋት ብርሃን ሰውነት ቀንና ሌሊትን የሚለይበትን የውስጥ ሰዓት ያስተካክላል። የምትነሱበትን ሰዓት ያዙ፤ የምትተኙበት ሰዓት ቀስ ብሎ ይከተላል። ተገላቢጦሹ ከባድ ነው፤ እንቅልፍን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልምና።

ቡናውስ? የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ጀበና ቡና የጠጣችሁ እንደሆነ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ አልጋ ይገባል። ቡና ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እኔም ከጎረቤት መጣላት አልፈልግም። ከምሳ በኋላ ያለው ይቅር። የማታ ቡና ላይ ከተጠራችሁ ፈንዲሻውን ብሉ፣ ወሬውን አውሩ።

6. እንደ እቁብ ሰው አስገቡበት

በወር መጨረሻ ሳንቲም የማይተርፈው ሰው እቁቡን ግን በሰዓቱ ይጥላል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዕጣውን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ማፈር አለ። ይህንኑ ለማገገሚያችሁ ተጠቀሙበት። አንድ ሰው ምረጡ፤ ምክር የማያበዛ ቢሆን ይመረጣል። በየቀኑ ማታ በቴሌግራም አንድ ቃል ብቻ ላኩለት፦ "አደረግኩ" ወይም "አላደረግኩም"። ማብራሪያ አያስፈልግም። እሱም የራሱ አንድ ነገር ቢኖረው ጥሩ ነው፤ አንዱ ጠባቂ፣ ሌላው ተጠባቂ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይሰለቻል።

መዝገቡ ቀላል ነው። የግድግዳ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ለማነጻጸርም ይመቻሉ። ጳጉሜን ዕረፍት በሉት ከፈለጋችሁ።

7. ያመለጠ ቀን ሲኖር

ይኖራል። በቲክቶክ "21 ቀን ይበቃል" የሚሉትን ተዉአቸው። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በሠሩትና በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አዲስ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን 66 ቀን ገደማ ወስዷል። ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። ከዚያው ጥናት እኔን ይበልጥ ያጽናናኝ ሌላው ውጤት ነው፦ አንድ ቀን ማምለጡ ልማዱን አላፈረሰውም።

የሚያፈርሰው ከዚያ በኋላ የምንለው ነው። "አንዴ ተበላሽቷል፣ ይበላሽ።" አንድ ብርጭቆ የጠጣ ሰው በዚህች ሐሳብ አምስት ይጠጣል። አንድ ቀን ያልተራመደ ወሩን ይተወዋል።

ራስን መስደብስ ይረዳል? በካናዳው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ማይክል ዎል እና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ተቃራኒውን ያሳያል። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ሲያዘገዩ ከቆዩ ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለቀጣዩ ፈተና ማዘግየታቸው ቀንሷል። ራስን ይቅር ማለት "ምንም አልሆነም" ማለት አይደለም። አጥፍቻለሁ ብሎ፣ ንስሐው ላይ ሳይከርሙ ወደ ሥራ መመለስ ነው። ስለዚህ ባመለጠ ማግስት የሚደረገው ይህ ነው፤ የክፉ ቀኑን መጠን ሥሩ፣ "አላደረግኩም" ብላችሁ የላካችሁለት ሰው ዛሬ "አደረግኩ" ይድረሰው። ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ መሥራት የለም።

8. ለ"በሞቴ" መልስ አዘጋጁ

በከተማችን ትልቁ ፈተና ክፋት ሳይሆን ደግነት ነው። "አንድ ብቻ፣ በሞቴ!" የሚል ሰው ከልቡ ይወዳችኋል። ብዙ ሰው "መድኃኒት ላይ ነኝ" ብሎ ያመልጣል። ለአንድ ማታ ይሠራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን "ምን ሆነህ ነው?" የሚለው ጥያቄ ከመጠጡ ይብሳል። አጭር እውነት ይሻላል፦ "ለጊዜው ትቻለሁ።" ምክንያት ከጨመራችሁበት ክርክር ይከፈታል፣ ክርክሩን ደግሞ ጋባዡ ያሸንፋል።

ከዚያ በላይ የሚሠራው ግን ቀድሞ ማዘዝ ነው። ቤቱ ከመግባታችሁ በፊት ምን እንደምትጠጡ ወስኑ፣ አስተናጋጁ እንደመጣ ከሁሉም በፊት "ለእኔ አምቦ ውኃ" በሉ። ብርጭቆው ሞልቶ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው ብዙም አይለመንም።