በፎርሙላ 1 ቅጣቶች ላይ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጁን 2019 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተካሄደውን የካናዳ ግራንድ ፕሪ የተከታተለ ሰው ከውድድሩ ማብቂያ በኋላ የታየውን ትዕይንት ይረሳዋል ብዬ አላስብም። ሰባስቲያን ቬትል የመጨረሻውን መስመር በቀዳሚነት ቢያልፍም በጊዜው ላይ በተደመረበት የ5 ሰከንድ ቅጣት ምክንያት ድሉ ለሉዊስ ሃሚልተን ሆነ። የፌራሪው አሽከርካሪ በሃሚልተን መኪና ፊት የቆመውን የ1 ቁጥር ሰሌዳ አንሥቶ የራሱ መኪና ልትቆም በሚገባት ባዶ ቦታ ላይ አቆመው፤ የ2 ቁጥሩን ደግሞ ወስዶ በሃሚልተን መኪና ፊት አስቀመጠው። ያን ዕለት የተቀሰቀሰው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ሊበርድም አይገባም፤ ምክንያቱም ፍትሕ የሌለበት ውድድር የፍጥነት ትርኢት እንጂ ስፖርት አይሆንም። ይሁን እንጂ ክርክራችን ከጩኸት አልፎ ቁም ነገር እንዲኖረው ከፈለግን በየጊዜው የምንደጋግማቸውን ጥቂት ስህተቶች ለይተን ማወቅ ይኖርብናል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ማን ምን እንደሚወስን አለመለየት ነው። የውድድሩ ዳይሬክተር ውድድሩን ይመራል፤ አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ተወዳዳሪዎቹን በዝግታ የሚመራው የደኅንነት መኪና መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ፣ ውድድሩ መቼ እንደሚቆምና እንደሚቀጥል የሚወስነው እርሱ ነው። ቅጣት የሚጥሉት ግን ስቲዋርድ ተብለው የሚጠሩት ዳኞች ሲሆኑ፣ እነርሱም በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት ሆነው ለብቻው በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ ከ2010 ጀምሮም ከመካከላቸው አንዱ የቀድሞ አሽከርካሪ እንዲሆን ተደርጓል። በ2021 የአቡ ዳቢ ውድድር መጨረሻ ላይ በዙር ወደ ኋላ ከቀሩት መኪናዎች አንዳንዶቹ ብቻ የደኅንነት መኪናውን እንዲያልፉ የፈቀደው የውድድር ዳይሬክተሩ ማይክል ማሲ ነበር፤ ዳኞቹ የሠሩት ሥራ የሃሚልተን ቡድን የሆነውን የመርሴዲስን አቤቱታ ሰምቶ ውድቅ ማድረግ ነው። ሁለቱም ውሳኔዎች ሊተቹ ይችላሉ፤ ነገር ግን የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ የሚደፋ ሰው ጥያቄውን ለማይመለከተው አካል ስለሚያቀርብ መልስ አያገኝም።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ ስሜታችንን የሚያሳስተው፣ ቅጣቱን በአደጋው ውጤት መመዘን ነው። በ2021 በእንግሊዙ ሲልቨርስቶን የመጀመሪያ ዙር ላይ ሃሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን ኮፕስ በተባለው ፈጣን መታጠፊያ ተነካኩ፤ ቨርስታፐን በከፍተኛ ፍጥነት ከግንቡ ጋር ተጋጭቶ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሃሚልተን 10 ሰከንድ ተቀጥቶም ውድድሩን በአሸናፊነት ጨረሰ። «አንዱ ሆስፒታል ገብቶ ሌላው ዋንጫ ያነሣል እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከልብ የሚወጣ በመሆኑ አልንቀውም። ሆኖም ዳኞቹ ለረጅም ጊዜ የተከተሉት መርህ የሚመዝነው ድርጊቱን ነው፦ አሽከርካሪው መሪውን ምን ያህል አዞረ፣ ለሌላው ቦታ ተወለት ወይ፣ ጥፋቱ በዋነኛነት የእርሱ ነው ወይ። ተመሳሳይ ንክኪ አንዱን መኪና ያለ ጉዳት ሲያሳልፍ ሌላውን ሊሰባብር ይችላል፤ ቅጣቱ ዕድል ባስከተለው ጉዳት ቢለካ ኖሮ አንድ ዓይነት ጥፋት የሠሩ ሁለት አሽከርካሪዎች እጅግ የተለያየ ፍርድ ይቀበሉ ነበር። በእኔ እምነት ይህ መርህ ትክክል ነው። መርሁን የማይቀበል ተከራካሪም ቢያንስ ተቃውሞው በመርሁ ላይ እንጂ በዚያ ዕለት በተቀመጡት ዳኞች ላይ አለመሆኑን አውቆ ሊናገር ይገባል።

ይህ ወደ ሦስተኛው ስህተት ይወስደናል፤ እርሱም መመሪያውን ሳያነቡ በዓይን ብቻ መፍረድ ነው። በኦክቶበር 2024 በኦስቲን የሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ላንዶ ኖሪስ ቨርስታፐንን በውጭ በኩል ሊያልፍ ወደ 12ኛው መታጠፊያ ሲገባ፣ በውስጥ በኩል ያለው ቨርስታፐን ፍሬን ዘግይቶ ይዞ ኤፔክስ ወደሚባለው፣ መኪና ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይበልጥ ወደሚጠጋበት ነጥብ፣ ቀድሞ ደረሰ፤ ከዚያም ሁለቱም መኪናዎች የመወዳደሪያውን ወሰን ከሚያሳየው ነጭ መስመር ውጭ ወጡ። ኖሪስ ከመስመሩ ውጭ ሆኖ አለፈ፤ 5 ሰከንድም ተቀጣ፤ በዚህም ሦስተኛ ሆኖ የጨረሰውን ውድድር በአራተኛነት ተመዘገበ። «ሁለቱም ወጥተው አንዱ ብቻ እንዴት ይቀጣል?» ብለን ብዙዎቻችን ተቆጣን። ዳኞቹ በእጃቸው የነበረው መመሪያ ግን በውጭ በኩል የሚያልፍ አሽከርካሪ ቦታ የሚገባው በኤፔክሱ ላይ ከተቀናቃኙ ከቀደመ ብቻ ነው ይል ነበር፤ በውስጥ በኩል ለሚያልፈው ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ቢያንስ ከሌላው መኪና ስፖኪዮ ጋር መስተካከላቸው ይበቃል። ኖሪስ በዚያች ቅጽበት አልቀደመም ነበር። ስለዚህ ውሳኔው ከመመሪያው ጋር የተጣጣመ ነበር፤ ሚዛኑን ያዛባው መመሪያው ራሱ ነው፤ ምክንያቱም የሚከላከለው አሽከርካሪ መታጠፊያውን በመስመሩ ውስጥ ሆኖ መጨረስ በማይችልበት ፍጥነት እየገባ «ቀድሜ ደርሻለሁ» እንዲል በር ይከፍትለታል። ይህን ለይተው የተናገሩት ተከራካሪዎች ናቸው ትክክለኛውን ቦታ የነኩት። ከሳምንት በኋላ በሜክሲኮ ቨርስታፐን በኖሪስ ላይ በፈጸማቸው ሁለት ድርጊቶች ሁለት ጊዜ 10፣ 10 ሰከንድ ተቀጣ፤ አሽከርካሪዎቹም በዚያው ዓመት መጨረሻ በኳታር የስፖርቱ የበላይ አካል ከሆነው ከዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ጋር ተቀምጠው በመመሪያው ላይ ተነጋገሩ። በ2025 ፌዴሬሽኑ የቅጣትና የአነዳድ መመሪያዎቹን ለሕዝብ ይፋ ስላደረገ፣ ዛሬ ሳያነቡ ለመፍረድ ሰበብ የለንም።

ዳኞቹ አንዱን ይወዳሉ፣ ሌላውን ይጠላሉ የሚለው ውንጀላ ረጅም መልስ የሚያስፈልገው አይደለም። በሞንትሪያል ቬትልን ከቀጡት ዳኞች አንዱ ጣሊያናዊው የቀድሞ አሽከርካሪ ኢማኑኤሌ ፒሮ ነበር፤ ጣሊያናዊ ዳኛ የጣሊያኑን ቡድን ፌራሪን ከድል አወረደ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውንጀላው የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በ2022 የፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት ሞሃመድ ቤን ሱላየም ሲልቪያ ቤሎት የተባለችው የውድድር ባለሥልጣን የግድያ ዛቻ እንደደረሰባት በይፋ ገልጸዋል። የመኪና ውድድር የሚወድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ዝም ሊል አይገባም።

ሌላው ስህተት የማይመሳሰሉ ጉዳዮችን ማመሳሰል ነው፤ ይሁንና እዚህ ላይ ተመልካቹ ብዙ ጊዜ እውነት እንዳለው እመሰክራለሁ። «ባለፈው ወር ያኛው አልተቀጣም» የሚለው ክርክር ዋጋ የሚኖረው ሁለቱ ድርጊቶች በመታጠፊያው ዓይነት፣ በመኪናዎቹ አቀማመጥና በሥራ ላይ በነበረው ደንብ ሲመሳሰሉ ብቻ ነው። በአግባቡ ሲቀርብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በ2023 በጂዳ ታይቷል። ፈርናንዶ አሎንሶ መኪናውን በመነሻው ላይ ከተመደበለት ሳጥን ውጭ በማቆሙ 5 ሰከንድ ተቀጣ። ቅጣቱን ፒት በሚባለው የመኪናዎች መጠገኛ ቦታ ቆሞ በሚፈጽምበት ጊዜ መካኒኮች መኪናውን እንዳይሠሩበት ደንቡ ይከለክላል፤ የኋላው ክሪክ ግን መኪናውን ነካው። ውድድሩ ካለቀና አሎንሶ የሦስተኛነቱን ዋንጫ ከተቀበለ በኋላ ተጨማሪ 10 ሰከንድ ተጣለበትና ወደ አራተኛ ወረደ። ቡድኑ አስቶን ማርቲን ያደረገው ጩኸት አልነበረም፤ ቀደም ሲል ክሪክ መኪና ነክቶ ያልተቀጣባቸውን ሰባት አጋጣሚዎች በቪዲዮ አቀረበ። ዳኞቹ ክሪክ መንካቱ መኪናውን እንደመሥራት ይቆጠራል የሚል ግልጽ ስምምነት አለመኖሩን ተቀብለው ውሳኔያቸውን ሻሩ፤ አሎንሶም 100ኛ የሆነውን የመድረክ (ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን) ቦታውን መልሶ አገኘ። አንድ ዓይነት ድርጊት፣ አንድ ዓይነት ሁኔታ፣ የተለያየ ፍርድ፦ ወጥነት ጎደለ ለማለት የሚያስፈልገው ማስረጃ ይህን የመሰለ ነው።

ይህን ምሳሌ አይተን ግን ማንኛውም ውሳኔ በአቤቱታ ይሻራል ብለን እንዳንጠብቅ። ጉዳይ እንደገና የሚታየው አዲስ፣ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ፣ ክብደት ያለውና ውሳኔው ሲሰጥ ያልነበረ ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ ነው። በ2021 በብራዚል ቨርስታፐን ሃሚልተንን ከመስመር ሲያስወጣ ከቨርስታፐን መኪና ፊት ለፊት የሚቀርጸው ካሜራ ምስል በሰዓቱ ለዳኞች አልደረሰም ነበር፤ መርሴዲስ በኋላ ምስሉን ሲያቀርብም አዲስነቱ ታምኖበት ክብደት ግን የለውም ተብሎ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። በዚህ ውሳኔ አሁንም አልስማማም፤ ዳኞች ሊያዩት ይገባ የነበረ ምስል ነውና።

አቤቱታው ሲሳካም ቢሆን የጠፋው ሁሉ አይመለስም። በ2025 በኔዘርላንድሱ ዛንድቮርት ካርሎስ ሳይንዝ ከሊያም ላውሰን ጋር በመጀመሪያው መታጠፊያ ተጋጭቶ 10 ሰከንድና ሁለት የቅጣት ነጥብ ተጣለበት። በ12 ወራት ውስጥ 12 የቅጣት ነጥብ የሞላበት አሽከርካሪ ቀጣዩን ውድድር ስለሚከለከል ሁለት ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ኬቨን ማግኑሰን በ2024 የባኩን ውድድር ያጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የሳይንዝ ቡድን ዊልያምስ ከሁለቱ መኪናዎች የተገኙ ተጨማሪ የካሜራ ምስሎችን አቅርቦ ዳኞቹ ጉዳዩን ዳግመኛ ሲመረምሩ፣ ግጭቱ ከአሽከርካሪዎቹ አንዳቸውም በዋነኛነት የማይወቀሱበት የውድድር አጋጣሚ መሆኑን አመኑ፤ ሁለቱ ነጥቦችም ተሰረዙ። ሳይንዝ በውድድሩ መካከል ቆሞ የፈጸማቸው 10 ሰከንዶች ግን እዚያው ዛንድቮርት ቀሩ።