ሌዲንግ፦ በመስመርና በመስመር መካከል የገባው እርሳስ

ሥራዬ ገጽ ማቀናበር ነው። መጽሐፍ፣ መጽሔት፣ የሰርግ ጥሪ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ስለ ፎንት ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ስለ ሌዲንግ፣ ማለትም በመስመሮች መካከል ስላለው ርቀት፣ አንስቶ የሚጠይቀኝ ግን የለም። የአማርኛ ጽሑፍ ዓይን የሚያደክመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፎንቱ አይደለም፤ መስመሮቹ ተጣብቀው ነው።

መጀመሪያ አጠራሩ። የእንግሊዝኛው ቃል ሲጻፍ «መምራት» ከሚለው ጋር ፊደሉ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው «ሊዲንግ» ይለዋል። ትክክሉ «ሌዲንግ» ነው። «ሌድ» እርሳስ ነው፤ የምንጽፍበት ሳይሆን ማዕድኑ።

ነገሩ የፊደል ለቀማ ዘመን ትሩፋት ነው። ፊደል ለቃሚው ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ቅልቅል የተሠሩ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ በግራ እጁ በያዘው ትንሽ የብረት መደርደሪያ ላይ ያሰልፋል። መስመሩ ሲሞላ፣ ቀጣዩን ከመጀመሩ በፊት ስስ ዝርግ እርሳስ ጣል ያደርግበታል። ይሄ እርሳስ ቁመቱ ከፊደሎቹ ያጠረ ስለሆነ ቀለም አይነካውም። ወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚገባው 2 ፖይንት (ፖይንት የኅትመት መለኪያ ነው) ውፍረት ያለው ነበር፤ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ምንም ሳይገባ የተደረደረውን «ሶሊድ» ይሉታል።

በ1886 እ.ኤ.አ. ሊኖታይፕ የሚባለው ማሽን መጣና መስመሩን በሙሉ ከቀለጠ እርሳስ አንድ ላይ መቅረጽ ተጀመረ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተከተለ። ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በ1985 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እርሳሱ ቀርቶ ስሙ ብቻ ስክሪን ላይ ወጣ። ትርጉሙ ግን በመንገድ ላይ ተንሸራቷል፤ ጣጣውም ያለው እዚህ ነው። ድሮ ሌዲንግ ማለት የተጨመረው እርሳስ ብቻ ነበር። 10 ፖይንት ፊደል ላይ 2 ፖይንት እርሳስ ሲገባ «አሥር በአሥራ ሁለት» ይባልና 10/12 ተብሎ ይጻፋል። ዛሬ ገጽ በምናቀናብርበት ፕሮግራም፣ በኢንዲዛይን ላይ፣ ሌዲንግ የሚባለው 12ቱ ራሱ ነው፤ ከአንዱ መስመር መቀመጫ (ፊደሎቹ ከሚቆሙበት) እስከ ቀጣዩ መስመር መቀመጫ ያለው ርቀት። የድሮ መመሪያ «2 ፖይንት ሌዲንግ ጨምር» ሲልህ ሳጥኑ ውስጥ 2 ብለህ ከጻፍክ መስመሮቹ ሁሉ እላይ በላይ ይከመራሉ።

አሁን ወደ ሥራው። ኢንዲዛይን ዝም ካልከው ሌዲንጉን የፎንቱን መጠን 120 በመቶ ያደርገዋል። በቅንፍ ውስጥ ያለ ቁጥር ካየህ ይሄው «ኦቶ» የሚሉት ነው። ለላቲን ፊደል ያስኬዳል። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አብዛኞቹ መሐል ላይ ስለሚቀመጡ ከላይም ከታችም ነጭ ቦታ ይተርፋቸዋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ የተሰጠውን ቁመት ሞልቶ ይቆማል። ነጩን ከሌዲንጉ ካልሰጠኸው ከሌላ ከየትም አያገኝም። እኔ ከ140 በመቶ እጀምራለሁ። 11 ፖይንት ለሆነ ጽሑፍ 16 እሰጣለሁ። መስመሩ ረጅም ከሆነ እጨምራለሁ፤ ለጠባብ የመጽሔት ዓምድ ትንሽ እቀንሳለሁ። ፎንት ከቀየርክ ደግሞ እንደገና እየው። በተመሳሳይ 12 ቁጥር አንዱ ፎንት ገዝፎ ሌላው ኮስምኖ ይታያል።

መብቃቱን የማየው እንዲህ ነው። አንድ ገጽ አትምና ከስር ምልክት ያላቸውን ፊደላት ፈልግ፤ «እናቷ»፣ «ልጇ»፣ «ሟች» የሚሉ ቃላት ውስጥ እንዳሉት። ከዚያ ወዲያው ከበታቻቸው ባለው መስመር ላይ ሸ፣ ቸ ወይም ኘ ስትመጣ ጠብቅ። የ«ልጇ» እግርና የ«አገኘች» ባርኔጣ ሊነካኩ ከደረሱ አንድ ፖይንት ጨምር። የግዕዝ ቁጥር ያለበት ጽሑፍ ይብሳል። ፳፻፲ ከላይም ከታችም ሰረዝ ስላለው ሁለቱንም ጎረቤቶቹን ይገፋል።

ወርድ የምትጠቀም ከሆነ ፓራግራፍ ውስጥ ገብተህ ላይን ስፔሲንግን «ኤክዛክትሊ» አድርገውና ቁጥሩን ራስህ ጻፍ፤ ለ12 ፖይንት 17 በቂ ነው። «መልቲፕል» የሚያባዛው የፊደሉን መጠን ሳይሆን ፎንቱ ውስጥ የተቀመጠውን ቁመት ነው። ለዚህ ነው አማርኛ መሐል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ስትገባ፣ ያቺ መስመር ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ የምትለው። አንድ ነገር ልብ በል፤ በ«ኤክዛክትሊ» ጽሑፍ መሐል የገባ ፎቶ ተቆርጦ ይታያል። ፎቶውን ለብቻው አንቀጽ አድርገህ ያንን አንቀጽ ወደ «ሲንግል» መልሰው።

ኢንዲዛይን ላይ ደግሞ ሌዲንግ የእያንዳንዱ ፊደል ባሕርይ ነው፤ መስመሩ ውስጥ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል። ከሌላ ቦታ ኮፒ የተደረገች አንዲት ነጠላ ሰረዝ 24 ይዛ ከገባች መስመሩ ሁሉ ይወርዳል። ምክንያቱን ስትፈልግ ግማሽ ቀን ሊሄድብህ ይችላል። ፕሪፈረንስ ውስጥ ሌዲንግ ለሙሉ አንቀጽ እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫ አብራውና ተገላገል።

ድረ ገጽ ለምትሠሩ፣ ላይን ሃይትን (የመስመር ቁመትን) ያለ መለኪያ 1.6 ብላችሁ ጻፉት። ፒክስል ካስገባችሁ ርዕሱም ያንኑ ቁጥር ወርሶ ይጨማደዳል።

አሁን ስለ ገንዘብ እናውራ፤ ደንበኛ «ገጹን ቀንሽልኝ» ሲል ቀድሞ የሚታረደው ሌዲንግ ነውና። ጥያቄው መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በ16 ሌዲንግ 30 መስመር የሚይዝ ገጽ በ15 ሌዲንግ 32 ይይዛል። 256 ገጽ የነበረው መጽሐፍ 240 ይሆናል። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ወረቀት 16 ገጽ እንዲሆን እየታጠፈ ስለሚታተም አንድ ሙሉ እጥፍ ተረፈ ማለት ነው። ይቺን እስማማለሁ። ወደ 13 ውረጂ ካለኝ ግን የሚያነቡት አባቱ መሆናቸውን አስታውሰዋለሁ፤ መጽሐፉ የአባቱ የሕይወት ታሪክ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስታውሰዋለሁ። ገጽ መቀነስ ካለበት ኅዳጉን እነካለሁ፤ ከርዕስ በላይ የተዘረጋውንም ባዶ ቦታ እሰበስባለሁ።

የቀረው የርዕስ ነገር ነው። ሁለት መስመር የሚሆን ትልቅ ርዕስ እንደ ጽሑፉ 140 በመቶ ከተሰጠው ተበታትኖ ይታያል፤ ለ20 ፖይንት ርዕስ 24 ይበቃል። ከላይና ከታች የምትተወውን ቦታ ስትወስን ድምሩ የጽሑፉ ሌዲንግ ብዜት ይሁን። ጽሑፉ 16 ከሆነ ለአንድ መስመር ርዕስ ከላይ 16፣ ርዕሱ ራሱ 24፣ ከታች 8፤ ድምሩ 48፣ ሦስት መስመር ልክ። እንዲህ ከሆነ ስስ ወረቀት ላይ ሲታተም የጀርባው መስመር ከፊቱ መስመር ጀርባ ልክ ይቀመጣል፤ በነጩ በኩል እየሾለከ ግራጫ አይሆንም።