ኮንተሩ (ውጤትን በቀለም የሚያሳየው ሥዕል) ሲያሳስት፦ የሕንጻ አናሊሲስ (የጭነት ስሌት) ውጤት በስክሪን ላይ ሲነበብ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የሕንጻው የኮምፒውተር ሞዴል ያለ ስህተት መልእክት ተሰልቶ ካለቀና የሪአክሽኖቹ (ድጋፎቹ የሚመልሱት ኃይል) ድምር ከጠቅላላው ጭነት ጋር መግጠሙ ከተረጋገጠ በኋላ የሚነሡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከስሌቱ ሳይሆን ውጤቱ ከሚታይበት መንገድ ነው።

የቢሙ (የአግዳሚ ተሸካሚው) ሞመንት ዲያግራም፣ ማለትም የማጉበጥ ኃይሉ ሥዕል፣ ቀጥ ያለ ወይም የተቆራረጠ መስመር ሲሆን። ውጤት የሚወጣባቸው ነጥቦች አንሰዋል። ጫፎቹ በነጻ የሚዞሩ የ6 ሜትር ቢም 20 ኪሎኒውተን በሜትር ሲሸከም መሃሉ ላይ 90 ኪሎኒውተን ሜትር ሊያሳይ ይገባል፤ ውጤቱ በሁለቱ ጫፎች ብቻ እንዲወጣ ከታዘዘ ግን ዲያግራሙ ዜሮ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ነጥቦቹን መጨመር ይበቃል።

በዲፎርምድ ሼፕ (ሕንጻው በጭነት ሲጎብጥ በሚይዘው ቅርጽ) ላይ ሶሌታው ከቢሙ ተላቆ ሲታይ። በጥቂት ሚሊሜትር የተለያዩ ሁለት ጆይንቶች (የሞዴሉ መገናኛ ነጥቦች) አሉ ማለት ነው፤ በግድየለሽነት ከተሣለ ፕላን የመጣ ሞዴል ይህን ሳይዝ አይመጣም። ጆይንቶቹ ተዋሕደው እንደገና ይሰላ።

ሶሌታው በሙሉ አንድ ቀለም ሆኖ በኮለኖቹ (በምሰሶዎቹ) አናት ላይ ብቻ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ ሲታይ። ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው። ኮለኑ ሶሌታውን በአንድ ነጥብ የሚነካ ተደርጎ ስለሚሣል፣ በቀጭን ሰሌዳ ቲዎሪ መሠረት በዚያች ነጥብ ላይ ያለው ሞመንት ወሰን የለውም፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የቀለም ወሰኑን በራሱ ሲመርጥ ከትልቁና ከትንሹ ቁጥር ይነሣል። ወሰኑ ከ-400 እስከ 50 ኪሎኒውተን ሜትር በሜትር ሆኖ በ10 ቀለም ቢከፈል እያንዳንዱ ቀለም 45 ይይዛል፤ ስለዚህ 10 የሆነውና 40 የሆነው የመሃል ሞመንት በአንድ ቀለም ተሸፍነው ይቀራሉ። አንድ መሐንዲስ ቀዩን ለማጥፋት መሹን (ሶሌታው ለስሌት የሚከፋፈልበትን መረብ) ከ1 ሜትር ወደ 0.5፣ ቀጥሎም ወደ 0.25 ሲያሳንስ ቁጥሩ በየጊዜው እያደገ ስላስቸገረው ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ደምድሞ ነበር። ሌላው ሶሌታውን ከ200 ወደ 250 ሚሊሜትር አወፈረው፤ የራስ ክብደቱ በሩብ ጨመረ፣ ቀዩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

መፍትሔው የቀለም ወሰኑን በእጅ መስጠት ነው፤ ለተጠቀሰው ሶሌታ ከ-60 እስከ 40 ቢሆን የመሃሉ ሥርጭት ወዲያው ይገለጣል። ይህ ግን ሥዕሉን ብቻ የሚያስተካክል ስለሆነ፣ የብረቱ መጠን ከነጥቡ ቁጥር ሳይሆን በኮለኑ ፊት ላይ በስትሪፑ (ለዲዛይን በተከፈለው የሶሌታ ሰቅ) ስፋት ከተደመረው ሞመንት ይወሰድ፤ ይህ ድምር መሹ ሲቀያየር እንደ ነጥቡ ቁጥር አይዋዥቅም። ከፍተኛው ቁጥር እውነተኛ መሆኑ የሚያጠራጥር ከሆነ መሹን አንድ ጊዜ ማሳነስ ይለየዋል፤ የሚረጋ ከሆነ እውነተኛ ነው፣ ማደጉን ከቀጠለ የነጥቡ ሥራ ነው። ቀዩ የነጥብ ውጤት መሆኑ ከፓንቺንግ ሺር (ኮለኑ ሶሌታውን እንዳይበሳው ከሚደረገው) ፍተሻ ነጻ አያወጣም፤ ይህን ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች አሉና ጥንቃቄ ይደረግ። የቀለም መግለጫው ተቆርጦ የሚላክ የስክሪን ፎቶም ምንም አይናገርምና አይላክ።

ኮንተሩ በሼሎቹ (ሶሌታውን በሞዴሉ በሚወክሉት ክፍሎች) ድንበር ላይ ድንገት ሲቆረጥ። የሼሎቹ ሎካል አክሲስ (የየራሳቸው የመለኪያ መስመር) አቅጣጫ ተለያይቷል። በኢታብስና በሳፕ የስሌት ፕሮግራሞች ኤም 11 በአክሲስ 1 አቅጣጫ ውጥረት የሚፈጥረው ሞመንት ነው፤ አንዱ ሼል በ90 ዲግሪ ከዞረ የጎረቤቱን ኤም 22 እንደ ኤም 11 ያሳያል። ቀስቶቹ በስክሪኑ ላይ እንዲታዩ ተደርጎ አቅጣጫቸው ይስተካከል። ቁርጡን በጆይንት አማካይ (በጆይንቱ የሚገናኙትን ሼሎች ቁጥር በማማከል) ማለስለስ ስህተቱን መሸፈን ነው፤ ውፍረት በሚቀየርበት ድንበር ላይማ ጨርሶ አይደረግ።

የኢንቨሎፕ ዲያግራም (የየነጥቡን ከፍተኛ ቁጥር የሚሰበስበው ሥዕል) ሚዛን ሳይጠብቅ ሲቀር። ከፍተኛዎቹ ቁጥሮች ከተለያዩ ኮምቢኔሽኖች (የጭነት ጥምረቶች) የተሰበሰቡ ናቸው፤ ሚዛን የሚፈተሸው በአንድ ኮምቢኔሽን ብቻ ነው።