የካሜራ ፊልተር (ሌንስ ፊት የሚገጠም መስታወት) ስንገዛና ስንጠቀም የምንሠራቸው ስህተቶች

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቁጥሩ ነው። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 50 ሚሊ ሜትር ፊልተር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። 50 የሌንሱ የትኩረት ርቀት እንጂ የአፉ ስፋት አይደለም። ስፋቱ የሚጻፈው ሌንሱ ፊት ላይ ወይም ክዳኑ ውስጥ፣ ሰያፍ መስመር ካቋረጣት ትንሽ ክብ አጠገብ ነው፤ 49፣ 67፣ 77 ሊሆን ይችላል። የተለያየ ስፋት ያላቸው ሌንሶች ካሉዎት ለትልቁ ይግዙ፤ ለትንንሾቹ ማስፋፊያ ቀለበት ይበቃል።

ዩቪ (ለዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር) የሚያግድ ፊልተር ፎቶ ያሳምራል ብሎ መግዛትም አለ። በፊልም ዘመን ሩቅ ተራራ ላይ የሚታየውን ሰማያዊ ጭጋግ ይቀንስ ነበር። የዛሬ ዲጂታል ካሜራ ግን ሴንሰሩ ፊት ዩቪ የሚያግድ መስታወት አለው። አሸዋና የባሕር ውሃ ባለበት ሌንስዎን ይጠብቅልዎታል፣ ይግጠሙት። ማታ መብራት ፎቶ ሲያነሱ ግን ያውልቁት፤ አለዚያ ያው መብራት በተቃራኒው ጥግ ደብዝዞ ድጋሚ ብቅ ሊል ይችላል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ፖላራይዘርን፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚቀንሰውንና ቀለበቱ የሚዞረውን ፊልተር ነው። ለዚህም ነው ተገጥሞ ሳይዞር ሲቀር የሚቆጨኝ። ጥርት ያለ ወንዝ ዳር ቆመው ቀለበቱን ቀስ እያሉ ያዙሩት። መጀመሪያ የሚያዩት ውሃው ላይ የተኛውን የሰማይ ነጸብራቅ ብቻ ነው። ትንሽ ሲያዞሩት ንጣቱ ይሳሳል፣ ከሥር ያሉት ጠጠሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ካሜራውን ከአግድም ወደ ቁም ከቀየሩ እንደገና ማዞር አለብዎት። ሰማይ ላይ ውጤቱ የሚበረታው ፀሐይ በጎንዎ ስትሆን ነው፤ ከፊት ወይም ከኋላ ከሆነች ብዙም ለውጥ የለም። በጣም ሰፊ እይታ ባለው ሌንስ ላይ ደግሞ ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ፈዝዞ ይወጣል። ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ስለሚወስድ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ጨለም ያለ ቤት ሲገቡ ማውለቁን አይርሱ።

ባለ 10 ስቶፕ ኤንዲ (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር) ገጥመው ፎከስ ለማድረግ አይታገሉ። ብርሃኑን 1000 ጊዜ ያህል ስለሚቀንስ ካሜራው ማየት ይቸግረዋል። አስቀድመው ፎከስ ያድርጉ፣ ኦቶ ፎከሱን ያጥፉ፣ ከዚያ ይግጠሙ። 1/125 ሰከንድ የነበረው ፎቶ የማንሻ ጊዜ ወደ 8 ሰከንድ ስለሚሄድ ያለ ትራይፖድ አይሞከርም።

ፊልተር በፊልተር ላይ አይደራርቡ፤ የፎቶው ጥጎች ሊጠቁሩ ይችላሉ። ከመወልወልዎ በፊትም አቧራውን በአየር መንፊያ ያስወግዱ።

ፊልተሩን ሲገጥሙ በጣም አያጥብቁት። ከተጣበቀም በሁለት ጣት ጨምቀው አይታገሉት፤ ቀለበቱ ስለሚጣመም ይብስበታል። ወፍራም ላስቲክ ዙሪያውን ጠምጥመው ሳይጫኑ ያዙሩት።